ማኅበር በባርጅ ላይ

ታላቅ ወንድሜ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር የታሰረ አሮጌ ባርጅ ውስጥ ይኖራል። ባርጅ ማለት ሆዱ ሰፊ፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ረጅም የብረት ጀልባ ነው። የሱው በሆላንድ የውሃ ቦዮች ድንችና ስንዴ ሲያመላልስ ኖሮ ያረጀ ነው። አንድ አሜሪካዊ ጡረተኛ ወዶት በትልቅ መርከብ አስጭኖ አመጣው፤ ሚስቱ አንድ ቀን አድራበት «ወይ እኔ ወይ እሱ» አለችው። ሰውየው ሚስቱን መረጠ፣ ባርጁ ለወንድሜ ተረፈ።

ወንድሜ ባርጅ ያውቃል። ሆላንድ ከስደተኛ ካምፕ ከወጣ በኋላ እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ላይ ብረት እየበየደ፣ ቀለም እየቀባ፣ እዚያው እያደረ ብዙ ዘመን ኖሯል። ወደ እኔ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ቤዝመንቱን፣ ከቤቴ ሥር ያለውን ክፍል፣ ሰጠሁት። እዚያም ሆኖ ውሃ ላይ ያለ ነበር የሚመስለው። ብርጭቆ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አያስቀምጥም። ጠዋት ሲነሳ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል። ነፋስ ሲነሳ ወጥቶ መኪናዬን ያያታል፤ በገመድ ሊያስራት ያሰበ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ቤዝመንቱ ውሃ ሲሞላ፣ ከቤተሰቡ መሀል የተደሰተው እሱ ብቻ ነው። ፓምፕ ነበረው።

ባርጁን አግኝቶ ሲሄድብኝ አንጀቴ ቅጥል አለ። ልቡን የታመመ ሰው ነው። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ማን ይሰማዋል? በየቀኑ እየደወልኩ ነዘነዝኩት። እሱ ደግሞ ደህና መሆኑን ይነግረኝና ስለ ቀለም ያወራልኛል።

በዚህ መሀል የጽዋ ማኅበሩ ተራ ደረሰው። ማኅበራችን በየወሩ በአንድ ሰው ቤት ይሰበሰባል፤ ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ ቀጭንና ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ጽዋ የሚጠጣው በቤት ነው፣ ያንተ ጀልባ ነው፣ እህትህ ቤት ይሁን አሉት። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። በየሰው ቤት ሲበላ ሲጠጣ ከርሞ በራሱ ተራ ቤት የለህም መባል ከበደው። ብዙ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ። ጽዋው ባርጁ ላይ ተጀምሮ እዚያው በሥርዓት ከተፈጸመ ቤት ነው። ካልሆነ ግን ወንድሜ ባርጁን ሸጦ ወደ እኔ ይመለሳል። ይህችን የመጨረሻዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የዚያኑ ዕለት ለቤዝመንቱ አልጋ አዲስ አንሶላ ገዛሁ።

ያልነገረን ነገር ነበር። ውስጡን ቀለም ሊቀባ ብሎ፣ ባርጁን ከታች ይዘው የሚያረጋጉትን የሲሚንቶ ብሎኮች አውጥቶ ወንዝ ዳር ደርድሯቸዋል። ስለዚህ ባርጁ ሰው ወዳዘነበለበት ያዘነብላል። ወንድሜ መፍትሔ አለኝ አለ፤ ሰውን በክብደት ማስቀመጥ።

እኛ የምንቀመጠው በክብር ነው። ቄሱ ከላይ፣ ሙሴው ከጎናቸው፣ ሌላው በዕድሜ። ወንድሜ ግን ሙሴውን በር ሥር ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ወሸቃቸው። በሎረል ከተማ የታወቁትን ባለ ትልቅ ሆድ ባልና ሚስት ለያይቶ አንዱን ወዲህ አንዷን ወዲያ አደረጋቸው። እኔን ምንም ሳይጠይቅ በግራ በኩል ጥግ ላይ ለብቻዬ አስቀመጠኝ። ለምን እንደሆነ ገባኝ። አኮረፍኩ።

ከዚያ አንድ ሕግ አወጣ፤ ሰው ሲገባ ማንም እንዳይነሳ።

ይህንን ለእኛ ነው የሚለው! ሰው በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር ሁላችንም «ኖር» እያልን ብድግ ነው። ብድግ ስንል ባርጁ ጎንበስ ይላል። ከላንግሊ ፓርክ አውቶቡስ ተሳፍረው ዘግይተው የደረሱ አንዲት የማኅበር እናት፣ ሰው ሁሉ ሲነሳላቸው አይተው «በእመቤቴ አትነሱ» እያሉ አንድ በአንድ ትከሻ እየያዙ ሊያስቀምጡ ሄዱ። እሳቸውን ለማስቀመጥ ደግሞ ሦስት ሰው ተከተላቸው። ዳቦው ከነትሪው ተንሸራቶ ሙሴው እቅፍ ውስጥ ገባ። ሙሴው ዳቦውን ታቅፈው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም እንዲበላሽ ተስፋ አድርገናል።

ቄሱ የመጡት በመጨረሻ ነው። እንግዲህ ጉድ ፈላ። ሰው ሁሉ ተነስቶ መስቀል ሊሳለም በስተቀኝ ወዳለው በር ጎረፈ። ወለሉ ወደ ቀኝ ወረደ፤ ጽዋው ከነመሸፈኛው ጠረጴዛው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ወንድሜ በሁለት እጁ ያዘው። እኔም ለመነሳት ወገቤን አንስቻለሁ።

«እህቴ፣ አንቺ አትነሺ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንቺ ከተነሳሽ ቤቴ ሄደ።»

ቄስ ሲገባ ተቀምጬ አላውቅም። እናታችን በሕይወት ብትኖር እዚያው በጥፊ ትለኝ ነበር። ደግሞም መነሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አንሶላው ተነጥፏል፣ ወንድሜ ዛሬውኑ ቤቴ ይገባል። ግን ወንድሜን አየሁት። ጽዋውን እንደያዘ ዓይኑን ከወንበሬ አልነቀለም። ፈርቶ ነበር፤ የፈራው ደግሞ እኔን ነው። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ቁጭ አልኩ። ሰው ሁሉ ቆሞ እኔ ብቻ እንደ እመቤት።

ቄሱ አዩኝና አሞኝ እንደሆነ ጠየቁ።

«አይ አባ» አለ ወንድሜ፤ «ቤቱን ይዛልኝ ነው።»

አባ ሲበዛ ግዙፍ ሰው ናቸው። መስቀላቸውን ይዘው አቋርጠው ወደ እኔ መጡ፣ ባርጁም አብሯቸው ቀና አለ። አሳለሙኝና እዚያው አጠገቤ ቆመው ጸሎቱን ጀመሩ። ሰው ሁሉ ወደየቦታው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ማንም ሳይነሳ፣ ጠብታ ሳይፈስ። ሙሴው ጽዋቸውን ጨልጠው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ጣራውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እንግዲህ ምን ይባላል፣ ቤት ነው» አሉ።

አወጣጡም በሚዛን ነበር፤ ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ አንድ። እኔ የመጨረሻ ሆንኩ። ወንድሜ ትሪውን ሰብስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዕንባዬ መጣ፤ ለአንሶላው ይሁን ለሱ አላውቅም። ቤዝመንቱ ባዶውን ሊቀር ነው አልኩት። ዝናብ ሲጥል ደውይልኝ፣ ፓምፑን ይዤ እመጣለሁ አለኝ።

«አሁን መነሳት ትችያለሽ» አለ።

«ትንሽ ልቀመጥ» አልኩት።