ምስክር የተጠራበት ፉከራ

ፈንታው ታጋይ ነበር ይባላል። እንግዲህ ይባላል ነው። ታች ጋይንት ውስጥ ከአርብ ገበያ ወዲያ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት ደጋ ተወልዶ፣ እርፍ ጨብጦ ያደገ ሰው ነው። አንድ የቀበሌ ሹም ከአባቱ የወረሰውን መሬት ቆርሶ ለአማቹ ሲሰጥበት ተሟገተ፤ የሚሰማው ሲያጣ ተሳደበ። ሹም ተሳድቦ እቤቱ ማደር የማይቻልበት ዘመን ነበርና በሬዎቹን ለእናቱ ለአዛለች ጥሎ ቆላ ወረደ፤ ድንበር ተሻገረ።

ማዶ የጠበቀው ድርጅት ስሙ ከሠራዊቱ ይረዝም ነበር። ሊቀ መንበር አለው፣ ምክትል አለው፣ የምክትሉም ምክትል አለው። ባንዲራ፣ ማኅተም፣ ሬዲዮ ሁሉ አለው። የሌለው ጦርነት ብቻ ነው። ጠመንጃውንም ዱቄቱንም የሰጣቸው የዚያ አገር ገዥ ሲሆን፣ ሰውየው ለጽድቅ ብሎ ስደተኛ የሚቀልብ የዋህ አልነበረም። የአገሩን ወጣት ማለቂያ በሌለው ውትድርና ጠምዶ ይዞታል፤ ወጣቱም ቀን እየጠበቀ በድንበር ይሾልካል። የራሱን ወታደር ጠባቂ ቢያቆም ጠባቂውም አብሮ ይሾልካል። ታዲያ ማን ይጠብቅለት? ነጻ አውጪዎቹ ናቸዋ! የአገራቸውን አምባገነን እንጥላለን ብለው የወጡ ጀግኖች፣ የሰው አገር አምባገነን በረት ጠባቂ ሆነው ዐረፉት።

የፈንታው አዛዥ ላቀው ይባላል፤ የስማዳ ሰው ነው። አፉ ቅቤ የሚያቀልጥ፣ ጦር ሜዳን ግን በወሬ እንጂ በዐይኑ ያላየ። ጠዋት ጠዋት አሰልፎ፣ «ዛሬ ሰርጎ ገብ እናድናለን» ይላቸዋል። ሰርጎ ገብ የሚላቸው ሁሉ የሚወጡ እንጂ የሚገቡ አልነበሩም። ይህን ልብ ያለ ሰው በመካከላቸው አልጠፋም፤ የሚናገር ግን አልተገኘም፤ ዱቄቱ ይቀራላ!

አንድ ቀን ከቁጥቋጦ ሥር አንድ ልጅ አወጡ። ጢሙ ገና አላቀመቀመም። የእናቱን ነጠላ ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ በጫፉ ቆሎ ቋጥሯል። መሣሪያ የለውም። እጁን የፊጥኝ ያሰረው ፈንታው ነው። ልጁ በራሱ ቋንቋ ለመነው፤ ፈንታው ቃሉን ባይለይም ልመና መሆኑ አልጠፋውም። ለገዥው ወታደሮች አስረከቡት። ወታደሮቹ ጉብታውን አዙረው ወሰዱት፤ ወዲያው ጥይት ጮኸ። ላቀው ለዚህ ውለታው ከሹማምንቱ የእጅ ሰዓት ተሸለመ። ማምሻውን የድርጅቱ ሬዲዮ፣ «ጀግናው ሠራዊታችን በጋይንት ግንባር የጠላትን ብርጌድ ደመሰሰ» አለ። ጋይንት! ያን ቀን ጥንቸል እንኳ ያልደነበረባት ጋይንት!

አዛለች ግን ያን ሬዲዮ ትሰማለች፤ «ጋይንት ሰፊ ነው፤ ከወዲያኛው ጫፍ ይሆናል» እያለች ታምናለችም። የልጇ ድርጅት ድል ባወራ ቁጥር ለማኅበር ዳቦ ትጋግራለች። ጎረቤቱ እሷ ስትገባ ይነሣላታል፤ በየድግሱ ከመደቡ ላይ ከፍ ብላ ትቀመጣለች። ባሏ የሞተባት ድሃ ናትና ከልጇ ስም በቀር ሀብት አልነበራትም። ለውጥ መጣ፣ እርቅ ወረደ ተብሎ ድርጅቱ ሲመለስ፣ ያውም ድል አድርጎ ሳይሆን በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ፈንታው እውነቱን ሊነግራት ቆርጦ ነበር። አጥሩን ሳያልፍ እልልታዋ ተቀበለው። ቃሉን ዋጠው፤ እንደዋጠውም ከረመ።

ከዚያ የአስቻለው ድግስ መጣ። አስቻለው የመንደሩ ባለጸጋ ነው፤ ልጁን ሲድር ላቀውን ከስማዳ ከተማ ከወገዳ ድረስ ጠራው። ላቀውም የመጣው ለጠላው ብቻ አልነበረም፤ የአካባቢውን ታጣቂ እንዲመራ ሽማግሌዎቹ ሊሾሙት ይመክሩ ነበር። ዳሱ ሲሞቅ የተሸለመው ሰዓት እንዲታይ እጅጌውን ሰብስቦ ተነሣ።

«ዘራፍ!
በረሃ የከረመ፣ ጥይት የቆረጠመ፣
ጠላቱን ከጉድባ አልሞ ያጋደመ!»

በአገሩ ደንብ ሰው ሲፎክር አብሮት የዋለ ሰው «አይቻለሁ!» ይልለታል፤ ያየለት ሳይኖር የፎከረ መሳቂያ ነው። ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ካሴ ከሽማግሌዎቹ መካከል ሆነው፣ «ማን አየልህ?» አሉት።

«ፈንታው አለልኝ!»

ዳሱ በሙሉ ወደ ፈንታው ዞረ። አዛለች ከመደቡ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ለእልልታ ተዘጋጀች። ከፈንታው የምትጠበቀው አንዲት ቃል ናት፤ ቢላት እናቱ እንደከበረች ትኖራለች።

«አይቻለሁ» ብሎ ተነሣ። እልልታው ቀለጠ።

«ቆይ እማ፣ እልል አትበይ። ያጋደመውን አይቻለሁ፤ ጠላት አይደለም። ከገዥያቸው የሚሸሹ ልጆች ናቸው። አንዱማ የያዘው ቆሎ ነው። እያደንን ለገዥው እናስረክብ ነበር፤ ለዱቄት ብለን። በጋይንት የተዋጋ የለም፤ በየትም የተዋጋ የለም።»

«ይኼ ሰው ሰክሯል!» አለ ላቀው። «መሪጌታ፣ ለእርስዎ ላይገባዎት ይችላል እንጂ ይህ የታክቲክ ጉዳይ ነው።»

«ታክቲክን ነው እንዴ ከጉድባ ያጋደምኸው?» አሉ መሪጌታ።

ሳቁ ዳሱን ሊያፈርሰው ደረሰ። ያ ሁሉ ዘራፍ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ላቀውም እንደቆመ ሰዓቱን ወደ እጅጌው ውስጥ መለሰና ቁጭ አለ። ሹመቱ እዚያው ሳቁ ውስጥ ቀረ።

አዛለች አልሳቀችም። ከመደቡ ወርዳ፣ በሰዎች መካከል አልፋ ልጇ ፊት ቆመች። ሳቁም ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

«ባለ ቆሎውን ማን ያዘው?»

«ያሰርሁት እኔ ነኝ እማ።»

ትመታኛለች ብሎ ፊቱን አዘጋጅቶ ነበር፤ እጇን እንኳ አላነሣችም።

«ሞተ?»

«ሞተ።»

«ማተብ ነበረው?»

«ነበረው።»

አዛለች ወደ መሪጌታ ዘወር ብላ፣ «መሪጌታ፣ ፍትሐት ይደረግለት፤ በሬ ሸጬም ቢሆን ተዝካሩን አወጣለሁ» አለች። እንደገና ወደ ልጇ ዞረች። «በል፣ ክርስትና ስሙን ንገራቸው።»

«አልጠየቅሁትም እማ» አለ።