በዓይኔ ውስጥ የነበረው አሜባ

መጀመሪያ የተሰማኝ አሸዋ የገባበት ዓይነት ስሜት ነው። በግራ ዓይኔ በኩል። ማለዳ ላይ መስታወት ፊት ቆሜ በቧንቧ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፤ አልወጣም። ባለቤቴን ጀማልን ጠራሁት። የዓይኔን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየና "ምንም የለም፤ ትንሽ ቀልቷል" አለኝ። ኮንታክት ሌንሴን አድርጌ ወደ ትምህርቴ ሄድኩ።

ሰሚራ እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ አሁን ቤታችን ከአገር ውጭ፣ ዋይንድሃም ቬል የሚባል ሰፈር ነው። ለዓመታት በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በጽዳት ስሠራ ቆይቼ፣ ልጄ ሐናን ሃይስኩል ስትገባ "አሁን ተራው የኔ ነው" ብዬ ለነርስነት የሚያዘጋጅ ኮርስ ጀመርኩ። በልምምድ ሰዓት ማስክ ስናደርግ ትንፋሼ መነጽሬን እየሸፈነው ምንም አላይም ነበር። ሌንሱን የገዛሁት ለዚህ ነው። ማድረግና ማውጣቱን ያሳየችኝ ሴት ስለ ውሃ ነግራኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አላስታውስም።

የኮርሱ መጀመሪያ በሙሉ የባዮሎጂ ቃላት ነበር። ሴል፣ ኒውክለስ፣ ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ፈንገስ፣ ፕሮቶዞዋ። እንግሊዝኛዬ ለገበያና ለሥራ ይበቃኛል፤ ለዚህ ግን አልበቃኝም። ወጥ እያማሰልኩ ጮክ ብዬ ስደጋግማቸው ሐናን ትስቅብኛለች። ከሁሉም ቀድሜ የማውቀው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ አሜባ። ሆዱን ቆርጦት ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ በትንሽ ዕቃ ሰገራ ሰጥቶ "አሜባ ነው" ሳይባል ያደገ ሰው በኛ ሰፈር አላውቅም። አስተማሪያችን የኩሬ ውሃ አምጥታ በማይክሮስኮፕ ስታሳየን ያን ስሙን ብቻ የማውቀውን ነገር በዓይኔ አየሁት። እንደ ፈሰሰ እንቁላል ቅርጹን እየቀያየረ ይሳባል። አካሉ በሙሉ አንድ ሴል ነው። እጅ የለው፣ አፍ የለው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም እንደ አገር ሰው ነው የታየኝ።

ዓይኔ ግን እየባሰበት ሄደ። የሰፈራችን ሐኪም "ባክቴሪያ ነው" ብሎ ጠብታ አዘዘልኝ። አልተሻለኝም። እዚያው ክሊኒክ ያለች ሌላ ሐኪም አየችኝና "የለም፣ ቫይረስ ነው፤ ሄርፒስ" አለች። መድኃኒቱ ተቀየረ። ባክቴሪያና ቫይረስ አንድ እንዳልሆኑ፣ አንዱን የሚገድለው መድኃኒት ሌላውን እንደማይነካው ገና መማሬ ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ አንዳቸው በግምት እየሠሩ ነው ማለት ነው። ምናልባትም ሁለቱም። ሻርፕ የለበሰች፣ ቃል እየፈለገች የምትናገር ሴት ስትገባባቸው ቶሎ ሊሸኟት የፈለጉ መሰለኝ። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባብኝ በኋላ አልወጣልኝም።

ከዚያ ሕመሙ መጣ።

ስለ ሕመሙ ብዙ አልልም። ወልጃለሁ። ከዚያ ይብስ ነበር። መብራት እንደ መርፌ ወጋኝ። መጋረጃውን ዘጋን። ስልክ አጠፋን። ፎጣ ዓይኔ ላይ አድርጌ ወለል ላይ ተኛሁ። መጸለይ አቃተኝ። ሐናን በሩ ላይ ቆማ "ማም፣ አር ዩ ኦኬ?" ስትለኝ በእጄ ሂጂ አልኳት።

ጀማል በጥቁር ሻርፕ ፊቴን ሸፍኖ ከተማ ወዳለ የዓይን ሆስፒታል ወሰደኝ። ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። አስተርጓሚ በስልክ አስገባች፤ ድምፁ ትልቅ ሰው የሚመስል አበሻ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ሌንስ ያደርጋሉ ወይ?" የሚል ነበር። ሁለተኛው "ሌንሱን እንዳደረጉ ሻወር ይወስዳሉ? ፊትዎን ይታጠባሉ?"

"ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አደርጋለሁ፤ ፊቴንም እታጠባለሁ" አልኩ።

ሐኪሟ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ሃይማኖቴን ልትወነጅል ነው ብዬ ጠበቅኳት። እሷ ግን ረጅም ነገር ተናገረች፤ አስተርጓሚውም እንዲህ ብሎ አሳጠረው፦

"ዓይንዎ ውስጥ ትል ሳይገባ አይቀርም ትላለች።"

ጀማል ከወንበሩ ተነሳ። "ትል? በምን ገብቶ?"

እኔ ግን ከእንግሊዝኛዋ መሃል አንድ ቃል ለይቼ ሰምቼ ነበር። አካንታሚባ። መጨረሻው ላይ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። አስተርጓሚውን ትቼ ወደ እሷ ዞርኩና በራሴ እንግሊዝኛ "ትል ነው ወይስ አሜባ? አንድ ሴል ነው?" አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ። "አሜባ ነው። አንድ ሴል ነው። ትል አላልኩም" አለች።

ትሉ ቀረልኝ። ጥርጣሬው ግን አልቀረም። እኔ የማውቀው አሜባ ሆድ ውስጥ የሚኖር ነው። ዓይን ላይ ምን ይሠራል? ሐኪሟ ይህ ሌላ ዓይነት መሆኑን፣ በቧንቧ ውሃም በአፈርም ውስጥ እንደሚኖር፣ ብዙውን ጊዜ ማንንም ሳይነካ አብሮን እንደሚውል፣ ሌንስና ዓይን መካከል ሲገባ ግን እንደሚያጠቃ አስረዳችን። ጀማል አላመናትም። መኪና ውስጥ ሆነን "ከዚያ ትምህርት ቤት ነው ያመጣሽው፤ ከኩሬው ውሃ" አለኝ። እኔም ከሱ ጋር ተስማማሁ። የቤቴን ቧንቧ ከመጠርጠር ትምህርት ቤቱን መጠርጠር ቀለለኝ።

ከመውጣታችን በፊት ሐኪሟ ዓይኔን አደንዝዛ ላዩን ፍቃ ናሙና ወስዳ ነበር። ካልቸር ይባላል፤ የተፋቀውን ናሙና ተህዋሲያን የሚመገቡት ነገር ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጠው ይበቅል እንደሆነ ይጠብቃሉ። ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ እንደማይቻል ነግራን ሁለት ዓይነት ጠብታ ሰጠችን። በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። አንደኛው ፒ ኤች ኤም ቢ ይባላል።

ያቃጥላል። ሲገባ እጮኻለሁ። ጀማል የሥራ ሺፍቱን አስቀይሮ ጠብታውን የሚያደርግልኝ እሱ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የመድኃኒቱን ስም ስልኩ ላይ ሲፈልግ ቆየና የጠብታውን ብልቃጥ አንስቶ ስሙን ደግሞ አነበበ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ሰሚራ፣ ይኼ የመዋኛ ገንዳ ማጽጃ ነው።"

"እንዴት?"

"ገንዳ ውስጥ የሚጨምሩት ነገር ነው። ራሱ ነው፤ ስሙ አንድ ነው።"

ይህን ስትሰሙ ምን ታስባላችሁ? እኔ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ባክቴሪያ አሉ፣ ቫይረስ አሉ፣ አሜባ አሉ፣ አሁን ደግሞ ዓይኔን በገንዳ ማጽጃ እያጠቡት ነው። ሙከራ ላይ ነን። ሐናን "ማም፣ ዩ ካንት ጀስት ስቶፕ!" ብላ፣ ዝም ብለን ማቆም እንደማንችል እየነገረችን አለቀሰች። አልሰማናትም። ጠብታውን አቆምን።

መጀመሪያ ቀለለኝ። ማቃጠሉ ቀረ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። "ይኸው፣ ልክ ነበርን" ተባባልን።

ከዚያ ተመለሰ። በቀስታ አልነበረም። ጀማል ዓይኔን ገልጦ አየና እጁን ሰበሰበ። ጥቁሩ ላይ ነጭ ቀለበት ወጥቷል። የቀኝ ዓይኔን ስጨፍን የሱን ፊት አላየሁም። መስኮቱን አላየሁም። ግራጫ ብቻ። ስልኩን አንስቼ ወደ ሆስፒታሉ ራሴ ደወልኩ። "አሁኑኑ ኑ" አሉኝ።

ሐኪሟ ፊት ስቀመጥ አስተርጓሚ አልፈለግኩም። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "ጠብታውን አቁሜያለሁ። የገንዳ ማጽጃ ነው የሰጠሽኝ፤ አዎ ወይስ አይደለም?" አልኳት።

እንድትክድ ጠብቄ ነበር። ወይም እንድትቆጣ።

"አዎ" አለች። "ኬሚካሉ አንድ ነው። ላንቺ የሰጠሁሽ በጣም የቀጠነ ነው፤ ለዓይን ተብሎ የተዘጋጀ። ገንዳ ውስጥ የሚጨምሩትም እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮችን ስለሚገድል ነው። ከሌላ ቦታ ከምትሰሚው እኔ ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።"

ከዚያ አገጬን አንድ መሣሪያ ላይ አሳረፈችልኝ። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ይሉታል፤ ሳይቆርጥ ሳይፍቅ የዓይንን ንብርብር በቁም ያሳያል። ምስሉን ስክሪን ላይ አቁማ ጀማልን ጠራችው። እኔ በደህናው ዓይኔ አየሁ። ጨለማ ላይ የተበተኑ የሚያበሩ ክብ ነገሮች ነበሩ፤ እያንዳንዱ በድርብ ግድግዳ የተከበበ። "ይህ ሲስት ይባላል" አለች። "አሜባው ሲጨንቀው ራሱ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ይደበቃል። መድኃኒቱ ሲቆም ይወጣል፣ ይበላል፣ ይባዛል። ለወራት የምናሳድደው ለዚህ ነው።"

ጀማል ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። "ከኩሬው ነው የመጣው?" አላት።

"ማይክሮስኮፕ ስር ያየችው ዓይኗን አልነካም። ሌንሷን ግን ውሃ በየቀኑ ይነካው ነበር።"

"መታጠቤን ልተወው ነው?" አልኩ። ከሁሉም የፈራሁት ይህን ጥያቄ ነበር።

"አትተዪው። ስትድኚ እንደ ማንኛውም ሰው ፊትሽን ታጠቢ። ሌንስና ውሃ ግን አይገናኙም። እስክትድኚ ድረስ ይህ ዓይን ውሃ አይንካው።" ከመስጊዳችን ኡስታዝ ጋር ደግሞ በስልክ ተነጋገርን፤ ውሃ የሚጎዳውን ቦታ መተው እንደሚፈቀድ አስረዳኝና ልቤ አረፈ።

የካልቸሩም ውጤት አሜባ ሆኖ መጣ። ጠብታውን እንደገና ጀመርን፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የሚገባኝን ነገር እየተዋጋሁ ስለነበር ማቃጠሉ እንኳ ሌላ ዓይነት ማቃጠል ሆነልኝ፤ ሲያመኝ "ቅርፊቱን እየበሳው ነው" እያልኩ እታገሣለሁ። በየሰዓቱ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ ሁለት፣ ወደ አራት ሰዓት እየሰፋ ሄደ፤ መጋረጃው መጀመሪያ በስንጥቅ፣ ኋላ በግማሽ፣ በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። በየቀጠሮው ያን ስክሪን አሳዪኝ እላለሁ፤ ሐኪሟም ሳትሰለች ታሳየኛለች፤ ክቦቹ እየሳሱ ሄደው አንድ ቀን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣቻቸው። አዲስ መነጽር ልናሠራ ማሪቢርኖንግ ወዳለው የገበያ ማዕከል በሄድን ዕለት፣ ቀኝ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ከመተላለፊያው ማዶ ያለ የጫማ ሱቅ ስም ፊደል በፊደል ሳነብ፣ ጀማል ሰው መሃል ቆሞ ዕንባውን ይጠርግ ነበር።

ዓይኔ እንደ ድሮው አልሆነም። ጠባሳ አለው፤ ሲመሽ የመኪና መብራት ይበተንብኛል። ያቆምናቸው ቀናት ምን ያህሉን እንደወሰዱብኝ አላውቅም፤ ጠይቄያት እሷም መለየት እንደማይቻል ነግራኛለች። ኮርሱ ላይ የሚቀጥለውን ዙር ጠብቄ ተመለስኩ፤ በመነጽር።

ይህን የጻፍኩት ሌንስ ለምታደርጉና ዓይናችሁ ቀልቶ "ያልፋል" ለተባላችሁ ነው። ሌንሱን ቶሎ አውጡት፤ አትጣሉት፣ ይዛችሁት ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። መብራት የሚወጋችሁና ሕመሙ ከቅላቱ የሚበልጥ ከሆነ "አሜባ ሊሆን ይችላል?" ብላችሁ በአፋችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚው የነገራችሁ ካልገባችሁ ሐኪሙ ቃሉን እንዲደግመው፣ እንዲስልላችሁም አድርጉ። መጠርጠራችሁ አያሳፍርም። ግን እንደኔ ቤት ዘግታችሁ አትጠርጥሩ፤ ጥርጣሬያችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ፊት ለፊት ንገሯቸው።

ለጀማል ምስጋናዬ አያልቅም፤ አብሮኝ ተሳስቶ አብሮኝ ተመለሰ። ለሐናንም፣ ላለመስማታችን ይቅር ስላለችን። ሐኪሟን በመጨረሻው ቀጠሮ "ተመልሶ ይመጣ ይሆን?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ዛሬ የለም" አለች። "ነገን አላውቅም። ዓይንሽን ካመመሽ በዚያው ቀን ነይ።"

"በፍጹም አይመለስም" ብትለኝ ኖሮ አላምናትም ነበር። "አላውቅም" ስላለችኝ አመንኳት። አልሐምዱሊላህ።