የእማማ አማረች ጸሎት

በካሴቱ ዘመን ነው። ሲቀላ በሚባል ሙቀታም ሰፈር ቤት ያከራዩኝ እማማ አማረች ጴንጤ ስለሆኑ ግቢያቸው ውስጥ ዘፈን ክልክል ነበር። ጠዋት ጠዋት ጮክ ብለው ሲጸልዩ «ጌታ ሆይ፣ የዚያችን ልጅ ድምፅ አሰማኝ» ይላሉ። ልጅ የጠፋችባቸው እየመሰለኝ አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ በልጅነቴ ማንንም በማይመስል አዘፋፈኗ ያበድኩላት፣ ለዓመታት ጠፍታ የቆየች ዘፋኝ በአንድ የጋራ ካሴት ላይ አንድ አዲስ ዘፈን ይዛ ብቅ አለች። በዚያ ሙቀት ከነቴፔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ቀስ አድርጌ ስከፍተው በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው። «ቤቴን ልቀቅ» ሊሉኝ ነው ብዬ አጠፋሁት።

«ማን አጥፋ አለህ?» አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። «እሷ ናት እኮ! ከመጀመሪያው አጠንጥነው።»

በማግስቱ ጠዋት ጸሎታቸውን ሰማሁ፦ «ጌታ ሆይ፣ ተመስገን። አንዱን ዘፈን ሰጥተኸኛል፤ ሙሉ ካሴቱን ደግሞ አደራ!»