አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ትእዛዝ

የጣቢያዋ አለቃ ስልክ ስታነሳ ዓይኗን ትጨፍናለች። አመሉ የመጣባት በቅርቡ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት በየጠዋቱ ሐሳቡን መለወጥ ከጀመረ ወዲህ። ትኬት ከመቁረጥ ተነስታ ለአለቅነት የበቃች ሴት ናት፤ ዝናብም፣ የተበላሸ ሞተርም፣ የሰከረ መንገደኛም አላሸነፋትም። ይሄ ግን አንጀቷን አሳረረው።

ነገሩ እንዲገባን ሐዲዱን ጠጋ ብለን እንየው። ከእሷ ጣቢያ እስከ ታችኛው ጣቢያ መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ የሚወጣውም የሚወርደውም ባቡር በዚያው ነው የሚሄደው። እንዳይጋጩ የተዘየደው ዘዴ በቀላልነቱ ደስ ይላል፦ አንዲት የናስ በትር አለች። በትሯን ያልያዘ ነጂ ወደ መስመሩ አይገባም። አንዲት በትር ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ልትሆን አትችልም። በቃ! ከዚህ የበለጠ ምን ብልሃት አለ?

አዲሱ አሠራርም ቢሆን ክፉ አልነበረም። በትሯ ትቀርና ነጂው ፈቃዱን ከዋናው መሥሪያ ቤት በሬዲዮ ይቀበላል። ክፉው ሁለቱን ማፈራረቁ ነው። ዛሬ ሬዲዮ ነው ይባላል፤ ነገ ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ ወደ በትር ተመለሱ ይባላል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ማን ተመለሱ አላችሁ ይባላል።

"የእነሱ ነገር ደንበኛውን ሳይለኩ ሱሪ መቁረጥ ነው" ይላል ልብስ ሰፊው ባሏ። "ከዚያ አጠረ ብለው ደንበኛውን ይቆጡታል።"

እሷን ከሁሉ ያስጨነቃት ሐዲድ ቀያሪው ነበር። ከባዱን ማንሻ ስቦ ባቡሩን ወደ መስመሩ የሚያስገባው እሱ ነው፤ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ቢገናኝም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ትናንት ከሥራ ሲወጡ ቁርጡን ነግሯታል።

"አለቃ፣ ከእንግዲህ በሥራ መሃል ደንብ ከተለወጠብኝ እኔን አትፈልጊኝ። የሰው ነፍስ በእጄ ይዤ ዕቃ ዕቃ አልጫወትም።"

"ጋሼ፣ አንተ ከሄድክ ማንን አምኜ ልተኛ ነው?"

"እሱን እንግዲህ እነሱን ጠይቂያቸው።"

ዛሬ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። "እንደ ሁኔታው ተጣጥማችሁ ሥሩ" አለ የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ።

"እንደ የቱ ሁኔታ?"

"እንደ ሁኔታው ነዋ!" ብሎ ዘጋው።

አሰበች። የታችኛው ጣቢያ አለቃ ሠራተኛው ሁሉ "ቶሎቶሎ" እያለ የሚቀልድበት፣ ሻዩን አማስሎ እስኪጨርስ የሚቀዘቅዝበት ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በትሯን መቼም አይለቅም። በትሯም ያለችው እሱ ዘንድ ናት፤ ከታች የሚመጣው ባቡር ነጂ ይዟት ይመጣል። ስለዚህ መንገደኛ የሞላውን ባቡር አቆመችና ሐዲድ ቀያሪውን "በትር እንጠብቃለን" አለችው።

ጠበቁ። በትር የሚባል የለም። ወደ ታችኛው ጣቢያ እንዳትደውል ስልኩን መሥሪያ ቤቱ ይዞታል፤ ለምን ዘገያችሁ እያለ። መንገደኞቹ መስኮቷን ከበቡት። አንዲት ሴትዮ "የዚህ ቤት አለቃ ማናት?" ስትል ጮኸች።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ማስጠበቅ" አለች አለቃዋ፤ በገዛ መልሷም ራሷ ተናደደች።

ስልኩ ለአፍታ ሲለቀቅ ታች ደወለች። "ጋሼ፣ በትሯ የታለች?"

"ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌባታለሁ። አንቺ ሬዲዮ ትወጃለሽ ብዬ የሬዲዮ ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው።"

"እኔ እኮ አንተ በትር ትወዳለህ ብዬ ነው የቆምኩት!"

"ወይ ጉድ! ተከባብረን ልናልቅ ነው በይኛ።"

ገና ስልኩን ከማስቀመጧ መሥሪያ ቤቱ ደወለ። "ወደ ሬዲዮ ቀይሩና ባቡሩን አሁኑኑ ልቀቁት!"

ሐዲድ ቀያሪው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ጓንቱን አወለቀ።

"ለታችኛው ጣቢያስ ምን ብላችሁታል?" አለች።

"እሱን ያነጋገረው ሌላ ባልደረባ ነው። እስቲ ልጠይቅ..."

ሁለቱንም ባቡሮች ሊለቋቸው እንደሚችሉ ገባት። "አልለቅም። ዛሬ በበትር ነው የምንሠራው።"

"በማን ትእዛዝ?"

"በእኔ!" ብላ ዘጋችበትና ታች ደወለች። "ጋሼ፣ ያለ በትር ማንም እንዳይንቀሳቀስ!"

"አሁን ልቀቅ ብለውኝ ነጂው ሞተሩን አስነስቷል እኮ!"

"አስቁመው! በትሯን ስጠውና ላከው። የእኔ ይጠብቃል።"

ቶሎቶሎ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ በስልኩ ውስጥ ተሰማት፤ ወንበርም ወደቀ። ቆይቶ እያለከለከ ተመለሰ። "ቆሟል" አላት። ስልኩን አስቀመጠች።

ወደ ሐዲድ ቀያሪው ዞረች። "ጋሼ፣ ነገ ምን እንደሚሉ አላውቅም። አውቃለሁ ብዬም አልዋሽህም። ግን ጠዋት የጀመርነውን ደንብ የቀኑን ሥራ እስክንጨርስ አንለውጥም። ከእኔ አፍ ሳትሰማ ማንሻውን አትንካ።"

"ቢያባርሩሽስ?"

"ከመሄዴ በፊት እነግርሃለሁ።"

ከታች በኩል የባቡሩ ጥሩምባ ተሰማ። መንገደኞቹ አሁንም ይሳደባሉ። ሐዲድ ቀያሪው እሷን አየ፣ ሐዲዱን አየ።

"ይሄን ሁሉ ጠዋት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" እያለ ጓንቱን አጠለቀና እየተነጫነጨ ወደ ማንሻው ሄደ።