በግቢያችን የተፈረደባቸው ፕሬዚዳንቶች

ባለቤቴ መቱ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሯል። የሚወደው የሰው አገር ታሪክ ነበር፤ ከሰው አገርም የአሜሪካን፣ ከአሜሪካም ፕሬዚዳንቶቹን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ ይጠራቸዋል። ማን ማንን እንደተካ፣ ማን በምን እንደሞተ፣ የማን ሚስት ነገረኛ እንደነበረች ሁሉ ያውቃል። አሥርቱን ትእዛዛት ግን በተርታ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። ለሐሜት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ይጾማል። ልቡ ግን እዚያ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ክርክሩም አብሮት ወደ ግቢያችን ገባ። የሚመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ነው፤ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ይኖራል። ሁለተኛው ከያዮ ቡናና ማር እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለቱም በረንዳችን ላይ ናቸው። ዝናብ ካለ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ እነሱም ይጮኻሉ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሊደባደቡ ነው ይላል።

ለባለቤቴ ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው ነበር።

«ሥልጣን በእጁ እያለ በቃኝ ብሎ ወደ እርሻው ሄደ። በቃኝ! ይህን ቃል ስንት ሰው ያውቀዋል?»

የከፋው ደግሞ ባሪያዎቹን ነጻ ካወጣው ሰው ቀድሞ የነበረው ነው። «ቤቱ ሲቃጠል እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ» ይለዋል።

ጸሐፊው የሚወደው መኪና ላይ ሆኖ በጥይት የተገደለውን ወጣቱን ነው። ጎሬ ተማሪ ሳለ ያ ሰው የላካቸው ወጣት አስተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምረውታል፤ አንደኛዋም እስክሪብቶ ሸልማዋለች። የሚጠላው ደግሞ የኦቾሎኒ ገበሬውን ነው። ጸሐፊው በጉልምስናው ኦጋዴን ዘምቷል።

«ጠላት ድንበራችንን ጥሶ ሲገባ መሣሪያ የከለከለን ሰው!» ይላል።

«ያው ሰው ነው ኋላ ሐኪም ልኮ ከጋምቤላ ሰው እግር የጊኒ ትል ያስወጣው» ይመልሳል ባለቤቴ። «አንተ ከማን እግር ምን አወጣህ? ያወጣኸው ቢኖር ከመደርደሪያ መዝገብ ነው፤ እሱንም ታጠፋው ነበር።»

«ወጣቱስ? ወጣቱን ምን ትለዋለህ?»

«ወጣቱን ምን እለዋለሁ፤ አንተን በአንድ እስክሪብቶ ገዝቶሃል።»

ነጋዴው እየሳቀ መሀል ይገባል። «የኔ ፕሬዚዳንት የቡና ዋጋ ያስወደደው ነው። የትኛው እንደሆነ ንገሩኝና እኔም ልከራከር።» አባቱ ከጎረቤት አገር የሆነው ጥቁሩ ሰው ሲመረጥ ግን እሱም ወገን ያዘ፤ በዚያ ሰሞን ከያዮ ማር ይዞ መጥቶ አበላን። ባለቤቴ ማሩን በልቶ ጣቱን እየጠረገ፣ «ምን ቸኮልክ፤ ገና አንድ ሥራ አልሠራ» አለው። የነጋዴው ደስታ እዚያው ጠፋ።

ባለቤቴ ክፉ ተከራካሪ ነበር። ጸሐፊው አንድ ዓመተ ምሕረት ቢስት ለሳምንት ያነሣበታል። መንገድ ላይ ሲያገኘው ከሰላምታ በፊት ያችን ስሕተት ይጠራለታል። ልጄ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምረው፣ «አባ፣ ተዋቸው» ትለው ነበር። እኔ ማዕድ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። እውነቱን ልጻፍና፣ ሲያሸንፍ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊነሣ ሲል ወደቀ። ሆስፒታል ገባ። ተመስገን፣ ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ ጎኑና አንደበቱ ግን ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ንግግር አንድ ቃል ብቻ ቀረችው፤ «እሺ»። ውኃ ልስጥህ? እሺ። አልስጥህ? እሺ። አመመህ? እሺ። ሐኪሙ፣ «አእምሮው አልተነካም፤ የምትሉትን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል» አለን። ደስ ሊለን ይገባ ነበር።

ሰው ሁሉ ሊጠይቅ መጣ። አልጋው አጠገብ ይቀመጡና በላዩ ላይ አልፈው ከእኔ ጋር ያወራሉ። «ይበላል? ይተኛል? ሽንቱንስ ይናገራል?» እሱ ያያቸዋል። ሲውጥ «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይሉታል። ያስተማራቸው ተማሪዎቹ፣ ዛሬ ቢሮ ያላቸው ሰዎች፣ አፉን በመሐረብ ጠረጉለት። ደጎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ጠያቂው ሳሳ። ጸሐፊው ብቻ አልቀረም።

በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴን በረንዳው ላይ በወንበር አስቀመጥነው። ጸሐፊው ብርቱካን ይዞ ከነጋዴው ጋር መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ዕድሜ ልኩን «አንተ» ሲለው የኖረውን ሰው «እርስዎ» አለው።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እሺ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የኦቾሎኒ ገበሬው ከሁሉም የከፋ አልነበረም?»

የባለቤቴ አንገት ሥር ተገተረ። አፉ ታገለ።

«እሺ።»

ጸሐፊው ወደ ነጋዴው ዞረ። «ተከሳሽ ድርጊቱን አምኗል። ይመዝገብ!»

ነጋዴውን ሻዩ ትን አለው።

«መኪና ላይ የተገደለው ወጣት ከመጀመሪያው አይበልጥም?»

«እሺ።»

«ይመዝገብ! ተቀናቃኞቹን ሲያሰልል ተነቅቶበት በውርደት የወረደውስ? እሱ ጻድቅ ነበር፣ አይደል ጋሼ? ታቦት ይቀረጽለት?»

«እሺ።»

«ታቦቱን እንኳ እኛ ጴንጤዎቹ የለንበትም» አለ ነጋዴው፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ጸሐፊው ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት የተሟገተለትን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣ አስካደው። ቤት ሆኖ የተዘጋጀበት ይመስል ነበር። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ታምሜ ጠየቃችሁኝ ብሏል ጌታ። በጠያቂ ላይ በር አይዘጋም» አሉኝ። እኔ ግን ዘጋሁ። ጸሐፊው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ «ተኝቷል» አልኩት። በማግስቱም «ተኝቷል»። በአምስተኛው ቀን መምጣቱን ተወ።

ግቢው ጸጥ አለ። ባለቤቴ አሁን ያርፋል ብዬ አሰብኩ።

መብላት አቆመ። አጥሚት ሳቀርብለት ጥርሱን ይገጥማል። ልጄም ሞከረች፤ በአገጩ ወረደ። ሐኪሙ፣ «ሆዱም ጉሮሮውም ደህና ነው፤ ካልበላ በአፍንጫው ቱቦ እናስገባለታለን» አለ። የእጁ አንጓ በሁለት ጣቴ መሀል የሚገባ ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወንበሩ ላይ ቀና ይልና በሩን ያያል። አንድ ቀን በር ላይ ባጃጅ ሲቆም አንገቱ ተነሣ። የወረደችው ጎረቤታችን ናት። «ጎበዝ፣ ዛሬ ቀና ብለሃል!» አለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቶሎ አይገባኝም። ያን ጊዜ ግን ገባኝ። ሰው ሁሉ ሲያዝንለት፣ የሚጣላው ያ ሰው ብቻ ነበር።

ጸሐፊው ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቀባል። አልተነሣልኝም።

«እትዬ፣ ጋሼ ከእንቅልፋቸው ነቁ?»

«አልበላም ብሏል። ይምጡለት።»

«ምን ልሁን ብዬ?»

«እንደ በፊቱ።»

ብሩሹን አስቀመጠ። ከዚያ እኔ የረሳሁትን ነገር ነገረኝ።

የጸሐፊው ሚስት በሞተች በሦስተኛው ቀን ነው፤ ድንኳን ውስጥ። ወንዶቹ ሐዘንተኛውን ለማጫወት ወግ ይዘዋል። ጸሐፊው ራሱን ሊያጽናና ፈልጎ፣ «ያ ባሪያ ነጻ ያወጣው ታላቅ ሰው እንኳ ሚስቱን ቀብሮ ነው አገር የመራው» አለ። ባለቤቴ ከማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ፣ «እሱ የቀበረው ልጁን ነው። ሚስቱማ ናት እሱን የቀበረችው። አንተ ለለቅሶ እንኳ ሳታጠና ትመጣለህ?» አለው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

«የሰው ሳቅ ግድ የለኝም» አለ ጸሐፊው። «እርስዎ ግን ንፍሮ ይዘው ፊቴ ቆመው ነበር። እርስዎም ሳቁ። ንፍሮው ከሰፌዱ እስኪፈስ ሳቁ። እኔ አጎንብሼ ለቀምኩልዎ።»

እውነቱን ነው። አስታወስኩት።

«ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ወደ ጉልበቱ ጎነበስኩ። ጉልበቱን ሸሸገ።

«ነገ እመጣለሁ። እርስዎ ግን ማዕድ ቤት አይገቡም። ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ። እኔ ስናገር ይስቃሉ። ያን ቀን እንደሳቁት።»

«በባለቤቴ?»

«በባለቤትዎ።»

ቤቴ ገብቼ ዳዊቴን ደገምኩ። የንስሐ አባቴን አልጠየቅኋቸውም። የሚሉኝን አውቀዋለሁ።

በማግስቱ የጸሐፊው ሳል ከበር ሲሰማ ባለቤቴ ቀና አለ። ማንኪያ እንቢ ያለው ግራ እጁ ተነሥቶ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። ነጋዴውም መጣ። እኔ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ በሩ ጋ ቆመች።

«ጋሼ፣ የዛሬው ችሎት በባለቤትዎ ፊት ይሰየማል» አለ ጸሐፊው። «ያ ነጻ አውጪው ሚስቱን ቀብሯል፣ አይደል?»

ባለቤቴ ከንፈሩን ነከሰ። ፊቱ ላብ ሆነ። ቃሉ ግን ወጣ።

«እሺ።»

«እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ለሰው ልጅ ውሸት እያስተማሩ ደመወዝ በሉ ማለት ነው?»

«እሺ።»

ጸሐፊው ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ። ሳቅሁ። መጀመሪያ ከጉሮሮዬ ነበር። ከዚያ፣ ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬዋለሁ፣ ሳቁ እውነት ሆኖ መጣ። ዓይኑ አይደለም እያለ አፉ እሺ ሲል ያስቃል። አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ። ነጋዴው ያን ቀን አልሳቀም። «ማል ጎና፣ ምን እናድርግ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ልጄ ወደ ውስጥ ገባች።

ባለቤቴ ጸሐፊውን አላየውም። ያየው እኔን ነው። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ በዚያ ዓይን አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ መታ። ወደ ጸሐፊው ዞሮ ጮኸ፤ «እሺ! እሺ! እሺ!» ድምፁ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር የነበረው ድምፅ ነው።

«አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ!» አለ ጸሐፊው። «አንተ» አለው። ባርኔጣውን መሬት ወርውሮ ተነሣ። አንዱ በብዙ ቃል፣ አንዱ በአንድ ቃል፣ እስኪመሽ ድረስ ተጨቃጨቁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አጥሚት ይዤ ቀረብኩ። ጥርሱን ገጠመ። ልጄ ኩባያውን ከእጄ ወሰደች። ከእሷ እጅ ጨርሶ ጠጣ፤ ጨምሪልኝ እንደሚል ኩባያውን ገፋላት። ቱቦው ቀረ። ተመስገን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። ጸሐፊው አንድ ቀን አልቀረም፤ እኔም እንዳዘዘኝ ተቀምጬ ሳቅሁ። ባለቤቴ ሥጋ ለበሰ፤ ወዙ ተመለሰ። ከእኔ እጅ ግን ምንም ተቀብሎ አያውቅም። ጠበሉን እንኳ እኔ እቀዳለሁ፣ ልጄ ታቀብለዋለች። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ ውኃው አጠገቡ ተቀድቶ፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ፣ እስክትመለስ ድረስ ከንፈሩ እየደረቀ ይጠብቃት ነበር።

ከመሞቱ በፊት ባለው ጾም እግሩ ሥር ወድቄ ይቅር በለኝ አልኩት።

«እሺ» አለ።

ተነሥቼ ውኃ ቀዳሁና ወደ አፉ አቀረብኩለት። ጥርሱን ገጠመ። ልጄን ጠራኋት።