ያደረ ግጥም

ገዳሙ በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ጠጋኝ ነው። በወጣትነቱ ዲማ ቅኔ ቆጥሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እጁ ከብሎን መፍቻ አልተላቀቀም። በ2010 ክረምት የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሂዊ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ ሥራው እስኪያልቅ ስለ ቴሌግራም ቡድኗ አወራችው። ሶኔት የሚባለውን የፈረንጆች ጥንታዊ ግጥም ያጠናሉ፤ ስንኙ አሥራ አራት፣ ቤት አመታቱም የተወሰነ ነው። ገዳሙ ልክ ያለው ነገር ሰምቶ መች ያስችለዋል? ስልኳን ሳያስረክባት አስገቢኝ አላት።

እሑድ እሑድ አንድ የድሮ ሶኔት ይነበባል፣ ይተረጎማል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ በአማርኛ የራሱን ገጥሞ በድምፅ ይልካል። የምታርመው ሂዊ ብቻዋን ስለሆነች ቦታው ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም ነው።

ገዳሙ ብሎን እየፈታ ሲያንጎራጉር ሰንብቶ፣ ጉም በዋጠው መንገድ ይጁቤ ገበያ ስለሄደባት ማለዳ ገጠመ። ሂዊ ወደደችለት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ግን ግጥሙን ያቆሙታል እንጂ ሐሳቡን ወዳልተጠበቀ አቅጣጫ አያዞሩትም፣ ያቃኗቸው አለችው። እርሱ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ አዲስ ግጥም ይዞ ከች አለ።

«ጋሽ ገዳሙ፣ የቀድሞዋስ?» ብላ ጻፈችለት።

«አጠፋኋት፣ የኔታ። ያደረ ቅኔ ጉባኤ ይቀርባል እንዴ?»

ልጁ የምትሆነውን መምህርት የኔታ ማለቱ ቡድኑን አሳቀው። እርሱ ግን የምሩን ነበር። ዲማ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ለመምህሩ የሚነግር ተማሪ መሳቂያ ነው። ሂዊ ደግሞ እዚህ የምንማረው ማቃናትን ነው፣ የፊተኛዋን አቃንተው ካላመጡ ቦታዎን ለተረኛ እሰጣለሁ ብላ ቁርጡን ነገረችው።

ገዳሙ ግን ከየት ያምጣት? ድምፁን ከቡድኑ ሰርዞታል፤ በጽሑፍ አላሰፈረው፤ አዲሱ ግጥም ደግሞ አሮጌውን ከጭንቅላቱ ገፍቶ አስወጥቶታል። ጭንቀቱን ሱቁ ውስጥ ቻርጀር ለምትሸጠው ለባለቤቱ ለሥራነሽ አጫወታት።

«አይ አንተ ሰው፣ የሰው ስልክ ሲሆን ስክሪኑን ትቀይራለህ፤ የራስህን ከነቀፎው ትጥላለህ» አለችው። «ተቀመጥና ስማ።»

ለካ ሲያንጎራጉር ስትሰማው ከርማለች። ደንበኛ እያስተናገደች ግጥሙን ከላይ ጀምራ ወረደችው። አሥራ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቆመች።

«የቀረውስ?»

«እሱማ አልያዝ አለኝ።»

ገዳሙ ተፍነከነከ። አልያዝ ያላት ያው የተሰበረው ነው፤ የሚቀየረውም እሱ ብቻ። ሐሳቡን ወደዚያ መንገድ መለሰ፤ ጉሙ ውስጥ ምን መራው? አንድ የማያየው ሰው ከፊት ከፊቱ እያሳለ ይሄድ ነበር።

ዓይኔ ለጉም ገብሮ መንገዱን ቢያሳጣኝ፣
ከፊቴ ያለው ሳል ገበያ አወጣኝ።

እሑድ ላከና ከሥራነሽ ጋር ስልኩ ላይ አፈጠጡ። የሂዊ መልስ መጣ።

«አሁን ዞረች፤ ቦታዎም የርስዎ ነው። አምስተኛው ስንኝ ግን ትንሽ ያነክሳል። ለሚመጣው እሑድ ይቺኑ ይዘው ይምጡ።»

«ጭራሽ ለሦስተኛ ጊዜ!» አለ ገዳሙ እየሳቀ። ወንበሩን ወደ ሥራነሽ ሳበና፣ «በይ እስቲ፣ አምስተኛዋን ድገሚልኝ» አላት።