ለእኔ የተገዛው ዲስክ

ዛሬ ቢሮ ውስጥ ጠጋኙ የአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ክዳን ሲከፍት፣ የሞቀ አቧራ ሽታ ወደ ሐረሩ ቤታችን መለሰኝ።

እህቴ ሐያት አግብታ ጅዳ ከሄደች በኋላ ድምፅዋ የቀረልን ኮምፒውተራችን ውስጥ ነበር። ከሠርጓ በፊት ከጓደኞቿ ጋር የዘፈነችውን ሁሉ ቀድታው ነበር። ድምፅዋ የተቀመጠበት የኮምፒውተሩ ዲስክ ሲሞላ የአጎቴ ልጅ ረመዳን “የሐያትን እናጥፋው” አለ።

አባባ ተቆጡ። “ቤት ሲጠብ ክፍል ይቀጠላል እንጂ ልጅ ይባረራል እንዴ?” አሉና ከሸዋ በር ገበያ ሁለተኛ ዲስክ ገዝተው መጡ።

ረመዳን “ቢስሚላሂ” ብሎ ገጠመው። ሲያበራው ግን አሮጌውም አዲሱም አልታይ አሉ። የሐያት ድምፅ የጠፋ መሰለኝ። አባባ “ያ ረቢ!” አሉ።

“ሁለቱም ‘ዋናው እኔ ነኝ’ እያሉ ነው” አለ ረመዳን፣ አዲሱ ዲስክ ሁለተኛ እንዲሆን ከጀርባው ያለችውን ትንሽ መሰኪያ እያዛወረ።

“ይሄስ የሐያት ጠባይ ነው” ብለው አባባ ሳቁና ወደ እኔ ጠቆሙ። “ይቺኛዋ ብትሆን ዝም ብላ ቦታውን ትለቅ ነበር።”

ረመዳን እንደገና አብርቶ ሲከፍተው የሐያት ዘፈን ቤቱን ሞላው። አባባ እስኪያልቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አዳመጡ። ከዚያ ሐያት ትቀዳበት የነበረውን ማይክሮፎን ወደ እኔ ገፉት።

“አዲሱ የአንቺ ነው። አንቺም አንድ ቀን ትሄጃለሽ፤ ተናገሪበት።”

ረመዳን መቅዳት ጀመረ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣኝም። የተቀዳው የባጃጅ ጥሩምባ፣ የአባባ ሳልና “በይ እንጂ፣ ልጄ” የሚለው ድምፃቸው ብቻ ነው።

አባባ ካረፉ ወዲህ ያንን ቅጂ አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። “በይ እንጂ” ይሉኛል፤ እኔም እስኪያልቅ ዝም ብዬ እሰማቸዋለሁ።